ለቅብጥብጥ ሕፃናት የሚታዘዘው «የተመጣጠነ ምግብ» እና የኩልመስክ ማዕድ

የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥ (ኤ.ዲ.ኤች.ዲ.) ላለባቸው ሕፃናት ወላጆች የሚሰጠው የምግብ ምክር በአብዛኛው ከሦስት ነጥቦች አይዘልም፤ ስኳር ይከልከል፣ ቀለም የተጨመረበት ምግብ ይወገድ፣ የዓሣ ዘይት ይሰጥ የሚል ነው። ምክሩ በበጎ ሐሳብ የሚለገስ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ በላስታ ደጋ፣ በኩልመስክና በአካባቢዋ ለሚያድግ ሕፃን ሲቀርብ ሁለት ጉድለቶች ይታዩበታል። አንደኛው የማስረጃው መሳሳት፣ ሁለተኛው ለሌላ ማዕድ የተዘጋጀ መሆኑ ነው።

ስኳር የሕፃናትን ጠባይ ይለውጣል የሚለው እምነት በጥንቃቄ በተካሄዱ ሙከራዎች አልተደገፈም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የጥናቶች ጥቅል ግምገማም ይህንኑ አሳይቷል። ስኳርን መቀነስ ለጥርስ ይበጃል እንጂ የመቅበጥበጥ መድኃኒት አይደለም። ሰው ሠራሽ ቀለሞችን በተመለከተ በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናት መጠነኛ የጠባይ ለውጥ አመልክቷል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2010 ጀምሮ በማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል። ያም ሆኖ ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ቀለምን መከልከልም ሆነ የዓሣ ዘይት መስጠት ለሁሉም ሕፃን እንደ ሕክምና እንዳይመከር አሳስቧል።

ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው። የገበሬ ልጅ የዘወትር ምግብ የገብስና የስንዴ እንጀራ፣ በሶ፣ ቆሎና የባቄላ ወይም የአተር ሽሮ ነው። ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ አልፎ አልፎ የሚገኝ ነገር ነው። ስለዚህ ክልከላው የሚያርፈው እምብዛም በማይበላው ላይ ሲሆን፣ ለዘይት እንክብል የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ እንቁላልና ምስር ሊገዛ ይችል የነበረው ነው።

ምክሩ ዝም ያለበት ጉዳይ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፈረንሳይ የታተመ አነስተኛ ጥናት ችግሩ ካለባቸው ሕፃናት 84 ከመቶዎቹ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 18 ከመቶዎቹ ዝቅተኛ የብረት ክምችት እንደነበራቸው አመልክቷል። ይህ ምክንያቱ ብረት ማነስ ነው አያሰኝም፤ ሆኖም ደም ያነሰው ወይም ባዶ ሆዱን ትምህርት ቤት የሄደ ሕፃን በራሱ ፈዛዛና ሐሳቡ የተበተነ ሊሆን ስለሚችል፣ ስያሜው ከመሰጠቱ በፊት ደሙ መመርመር፣ ቁርሱም መጠየቅ ይኖርበታል። ብረት ሳይመረመር አይታዘዝም። ምስር፣ ባቄላና ጎመን ከሎሚ ወይም ከቃሪያ ጋር ቢበሉ፣ ሻይና ቡና ከምግብ ሰዓት ቢርቁ ከእህሉ የሚገኘው ብረት ይጨምራል። አዮዲን ያለው ጨውም በተከደነ ዕቃ ሊቀመጥ ይገባል።

ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ጾም መጀመሩ በአካባቢው የተለመደ ነው። ሜቲልፌኒዴት የሚወስድ ሕፃን ግን መድኃኒቱ ራሱ የምግብ ፍላጎቱን ስለሚቀንስበት፣ ጾሙ ሲታከልበት ክብደቱ ሊጎዳ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ፈቃድ ስለምትሰጥ፣ ወላጆች ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመክሩ መንገር ተገቢ ነው። መድኃኒቱ ከቁርስ በኋላ ቢሰጥ፣ የማታው እራት ጠንከር ቢል፣ በየቀጠሮውም ክብደትና ቁመት ቢለካ ጉዳቱ ይቀንሳል።

በምግብ ብቻ የሚድን ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የለም፤ ምግብ የጠባይ ሕክምናንና መድኃኒትን አይተካም። «የተመጣጠነ ምግብ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው ግን የጤና ባለሙያው ከክልከላው ዝርዝር በፊት ልጁ ዛሬ ጠዋት ምን በልቶ እንደመጣ ሲጠይቅ ነው።