የፓምፑ እጀታና የክፍልፋዩ ታሕት

የኤፒዴሚዮሎጂን የምርምር ዘዴ ለመማር የገባ የሕዝብ ጤና ተማሪ በመጀመሪያው ሰሞን የሚሰማው ታሪክ አንድ ነው። ይኸውም በ1854 ዓ.ም. (ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በለንደን ብሮድ ስትሪት ኮሌራ በገባ ጊዜ ዶክተር ጆን ስኖው ሰው የሞተባቸውን ቤቶች በካርታ አመልክቶ፥ የውሃውን ፓምፕ እጀታ አስነቅሎ በሽታውን አቆመ የሚለው ነው። ታሪኩ ለጆሮ ይጥማል። መምህራኖቻችን አይቀየሙንና፥ ለሰርቲፊኬት ሥልጠና መግቢያ መሆኑን ግን እንነቅፋለን።

ስኖው ራሱ በ1855 ዓ.ም. ባሳተመው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም፥ እጀታው ሴፕቴምበር 8 ቀን ከመነቀሉ በፊት በሽታው በጣም ቀንሶ እንደ ነበረና ብዙ ሰውም ሰፈሩን ለቆ እንደ ሸሸ አልደበቀም። የሚያስተምረው ሥራው በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሌላው ነው። በደቡብ ለንደን የሁለት ኩባንያዎች የውሃ ቧንቧ በአንድ መንገድ ጎን ለጎን ይሄድ ነበር። ላምቤት የተባለው በ1852 ዓ.ም. የውሃ መቅጃውን ከከተማው እድፍ በላይ ወዳለው ወደ ቴምስ ዲተን አዛወረ፤ ሳውዝዋርክና ቮክስሆል ግን ከባተርሲ መቅዳቱን ቀጠለ። ስኖውና ረዳቱ ሰው ወደ ሞተባቸው ቤቶች እየሄዱ የማንን ውሃ እንደሚጠጡ ጠየቁ። የውሃውን ኪራይ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ስለ ሆነ ተከራዩ አያውቅም። በዚህ ጊዜ ስኖው ከውሃው በጠርሙስ ወስዶ የብር ናይትሬት ጠብ ያደርግበታል፤ የባተርሲው ውሃ ጨው ከሌላው አርባ እጥፍ ያህል ነበርና ወዲያው ይለያል። እንዲህ ያለ ትጋት በየትኛው ፈተናችን ተጠይቆ ያውቃል?

ውጤቱም ይህ ነው። ሳውዝዋርክና ቮክስሆል ውሃ ከሚሰጣቸው 40,046 ቤቶች 1,263 ሰዎች ሞቱ፤ ይህም በየ10,000 ቤት 315 ነው። ከላምቤት 26,107 ቤቶች የሞቱት 98 ናቸው፤ በየ10,000 ቤት 37 መሆኑ ነው።

ነቀፋችን እዚህ ላይ ይጠነክራል። ላዕሉ በእግር ተሂዶ የተሰበሰበ ሲሆን ታሕቱ ኩባንያዎቹ ለፓርላማ ካቀረቡት ቁጥር የተወሰደ ነው። ቁጥሩም ቧንቧዎቹ የተቀላቀሉበትን ሰፈር ብቻ ሳይሆን ኩባንያዎቹ የሚያዳርሱትን አገር በሙሉ ይይዛል፤ ደግሞም የሚቆጥረው ቤትን እንጂ ሰውን አይደለም። ስምንት እጥፍ የሚያህል ልዩነት በዚህ ጉድለት ብቻ ይፈርሳል ብለን አናምንም። ልዩነቱ እጥፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ምን እንል ነበር? በሥልጠናው የሚሰጠን ቀመር ማካፈልን ያሳየናል፤ የሚካፈልበት ቁጥር ከየት እንደ መጣ አይጠይቀንም።

ይህን የምንለው ስለ ደረሰብን ነው። ለተግባር ልምምድ በወጣንበት ቀበሌ የአባወራዎችን ቁጥር ከመዝገብ ገልብጠን፥ ተቅማጥ የያዛቸውን ሕፃናት ግን ቤት ለቤት ቆጠርን። በየጓሮው የተከራዩ፥ በመዝገቡ ስማቸው የሌለ ብዙ ቤተ ሰቦች አገኘን፤ ልጆቻቸውም ከታመሙት ጋር ተቆጠሩ። ከላይ ገብተው ከታች ቀሩ ማለት ነው። እንደ ገና ቤቶቹን ለመቁጠር ሁለት ቀን እንዲጨመርልን ብንለምን በፕሮግራሙ ውስጥ የለም ተባልን። ስለዚህ የመዝገቡን ቁጥር በሠንጠረዡ ላይ እንዳለ ጻፍን፤ ጥሩ ነጥብም አገኘንበት።