ማን ፋቀው?

የጨረታ ካታሎግ አነባለሁ። ለመግዛት አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ኪስ ከዚያ ገበያ ጋር አይተዋወቅም። የማነበው ለቋንቋው ነው። ካታሎግ እንደ ልቦለድና እንደ ሙሾ ሁሉ የራሱ ወግና የራሱ ዜማ ያለው የጽሑፍ ዓይነት ነው፤ ተቺ አጥቶ እንጂ! እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ ጥንቃቄው የበዛው ደግሞ የሂትለር ዘመን የጀርመን ጩቤዎች የሚሸጡበት ካታሎግ ነው። ስለዚህ ዛሬ እሱን እንተቻለን።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1933 ቡናማ ሸሚዝ ለባሹ የኤስ.ኤ. ጦርና ጥቁር ለባሹ ኤስ.ኤስ. የየራሳቸውን ጩቤ አገኙ። ከዚያ የምድር ጦር መኮንኑም፣ አየር ኃይሉም፣ ባሕር ኃይሉም ተከተለ። «የጦርነት ጩቤ» ይባሉ እንጂ አብዛኞቹ ለሰልፍና ለግብዣ ወገብ ላይ የሚንጠለጠሉ ጌጦች ነበሩ። የኤስ.ኤ.ው ቅርጽ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የስዊስ ጩቤ የተቀዳ ሲሆን፣ ስለቱ ላይ «ሁሉም ለጀርመን» የሚል ተጽፎበታል። በኤስ.ኤስ.ው ላይ ደግሞ «ክብሬ ታማኝነት ይባላል» ይላል። የሚሠሩት በአብዛኛው ዞሊንገን በምትባል የቢላዋና የሰይፍ ከተማ ነው። ከተማዋ ለእኛም ባዳ አይደለችም። የአያቶቻችን ጎራዴዎች እጀታቸው የአገር ቤት ቢሆንም፣ ከስለቶቻቸው ብዙዎቹ ከአውሮፓ የመጡ ናቸው፤ ከእነዚያም መካከል አንበሳ ተቀርጾባቸው ከዞሊንገን የተላኩ አሉ።

አሁን ወደ ንባቡ። የካታሎጉ ጸሐፊ ጩቤውን የሚያነበው አንድ የፊሎሎጂ ሰው ብራና እንደሚያነብ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው ብረቱ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው ልስላሴ አለ ወይስ የለም ነው። የጥንቱ ስለት ላይ አግድም የሚሄዱ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመወልወያ መስመሮች አሉ፤ ብርሃን ስታስጠጋቸው ይታያሉ። አንድ ትጉህ የልጅ ልጅ በአሸዋ ወረቀት አንድ ጊዜ ካሸው ግን ለዘላለም ሄዱ። ቀጥሎ መስቀለኛውን የእጅ መከላከያ ይመረምራል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ ከኒኬል ቅይጥ ስለሆነ ሲያረጅ ጠቆር ይላል እንጂ አይላጥም። የኋላኞቹ ዚንክ በኒኬል ተለብጦ የተሠሩ ናቸውና ልባጡ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያብጣል፣ ይነሳል። እንግዲህ እርጅናም እንደ ዘመኑ ነው፤ በ1933 ሥራ ላይ የኋለኛውን ዘመን በሽታ ካየህ አንድ ነገር ተቀይሯል ማለት ነው።

የእንጨት እጀታው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጥፍር የሚገባበት ክፍተት መኖር የለበትም። እንጨቱ ላይ የተቀበረው ትንሽ ንስርም ጉድጓዱን ሞልቶ መቀመጥ አለበት፤ በፎርጅዱ ላይ ዙሪያውን ሰፋ ብሎ ይታያል። የመኮንኖቹ እጀታ ብዙ ጊዜ ሴሉሎይድ የለበሰ ነው። በነጭነት ጀምሮ በዕድሜ ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ይሄዳል፤ ሞቅ አድርገህ ብታሸው የካምፎር ሽታ ይሰጣል። የሠሪውም ምልክት የራሱ ታሪክ አለው፦ ቀደም ሲል ስለቱ ላይ የፋብሪካው አርማ (ስኩረል የምትባለው የዛፍ አይጥ፣ የንጉሥና የባላባት ራስ፣ ወዘተ) ይደረግ ነበር። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን በፓርቲው ዕቃዎች ላይ የፓርቲው ዕቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቁጥር ተተካ። የሠሪ ስም በቁጥር ሲለወጥ ማየት ለሥነ ጽሑፍ ሰው ብዙ ይነግረዋል።

ይህን ሁሉ ሳነብ የማደንቀው አንድ ነገር አለ። እኛ በክፍል ውስጥ «ይህ ግጥም የእገሌ ነው ወይስ አይደለም?» ስንል በስሜት ነበር የምንከራከረው። እነዚህ ሰዎች ግን አልትራቫዮሌት መብራት ያበሩበታል። መንጠልጠያው የተሰፋበት ክር ደምቆ ካበራ፣ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነጭ ማድረጊያ ኬሚካል ነክቶታል ብለው ይጠረጥራሉ። በ1983 ሽተርን የተባለው የጀርመን መጽሔት «የሂትለር ማስታወሻ» ብሎ ያወጣውን ጉድ የያዘውም የዚሁ ዓይነት ምርመራ ነው፤ ወረቀቱ ውስጥ የተገኘው ነጭ ማድረጊያ ሂትለር በሕይወት ሳለ ገበያ ላይ አልነበረም። ጸሐፊው ኮንራድ ኩያው ደግሞ በዚሁ የናዚ ቅርስ ገበያ ውስጥ ያደገ ነጋዴ ነበር።

ግን መብራቱም የማይደርስበት ቦታ አለ። ከጦርነቱ በኋላ በዞሊንገን ፋብሪካዎች የተረፉ ስለቶችና እጀታዎች ተገጣጥመው መታሰቢያ ለሚፈልጉ የአሜሪካ ወታደሮች ተሸጠዋል። እያንዳንዱ ክፍል ኦሪጅናል ነው፤ የሠራው እጅም ያው የድሮው ሊሆን ይችላል። ሙሉው ጩቤ ግን አንድም ናዚ ወገብ ላይ ውሎ አያውቅም። ይህን ምን እንበለው? ሰብሳቢዎቹ «የክፍሎች ጩቤ» ብለው ያልፉታል፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ነገሩም ያልቃል።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቨርጂኒያ ውስጥ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየተንከባከበ ይኖራል። እስከ ዕለተ ሞታቸው ያስታመማቸው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች ነበሩ። ልጆቻቸው ቤቱን ሲያጸዱ አንድ ጩቤ ከአንድ ያረጀ ወረቀት ጋር «አንተ ውሰደው፣ እኛ ቤት ሊቀመጥ አይችልም» ብለው ሰጡት። ልጁ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። «ጋሼ፣ በሽቦ ፈትጌ ላንጻው እንዴ? ደግሞ በጀርባው በኩል የሆነ ሰው ሞርዶ አበላሽቶታል» ይላል።

እጅህን ሰብስብ አልኩት። ሞረደው የሚለውን ቦታ አጉልተህ ላክልኝ ብዬ ሳየው፣ ስለቱ መካከል አንድ ጣት የሚያህል ርዝመት ጎድጎድ ያለ፣ መስመሮቹ ከሌላው ብረት በተለየ አቅጣጫ የሚሄዱ ቦታ አለ። ዳር ላይ የፊደል ጭራ የሚመስል ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤስ.ኤ. አለቃ ኤርንስት ሩም በ1934 መጀመሪያ ገደማ ከመቶ ሺህ በላይ ጩቤዎች የጓዳዊ ፍቅር መግለጫና የራሱ ስም በእጅ ጽሑፉ ተቀርጾባቸው ለነባር አባላት እንዲሰጡ አደረገ። በዚያው ዓመት ሰኔ 30 ሂትለር የግድያ ዘመቻውን ጀመረ፤ በማግስቱ ሩም እስር ቤት ውስጥ በጥይት ተገደለ። ከዚያ ስሙን ከጩቤዎቹ ላይ አጥፉ ተባለ። አንዳንዱ ስሙን ብቻ አስሞረደ፣ አንዳንዱ ጽሑፉን በሙሉ፤ ጥቂቱ ደብቆ አቆየው። ከወራት በፊት በኩራት የተቀበለውን ስም ነው እንግዲህ።

ካታሎጉ ይህን እንዴት ይጽፈዋል? «የሩም ጽሑፍ ተፍቋል» ይላል፤ በአፎቱ መሰርጎድና በእጀታው ስንጥቅ መካከል፣ ከጉድለቶች ተራ። ተፍቋል! ግሱን ተመልከቱልኝ። ማን ፋቀው? ለምን ፋቀው? እኛ የግዕዝ ብራናዎች ላይ የባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ሲገባበት ስናይ ትልቁን ታሪክ አገኘን ብለን ነው መነጽራችንን የምናነሳው። ካታሎጉ ግን ስሙ ሳይነካ የቀረውን ጩቤ በብዙ እጥፍ ያስወድዳል። ውድ ሲሆን ደግሞ ፎርጅዱ ይመጣል፤ ጽሑፍ ባልነበረው ስለት ላይ ይቀረጻል፣ በተሞረደውም ላይ ተመልሶ ይጻፋል። መለያው ቀላል ነው፦ ቀጥ ያለ ነገር ስለቱ ላይ አስተኝተህ በስሩ ብርሃን ካሳለፈና ፊደሎቹም ጉድጓዱ ውስጥ ከሆኑ፣ ከሞረዱ በኋላ የተጻፉ ናቸው።

የ«ሁኔታው» ደረጃ አሰጣጥም ያው ነው። ከፍተኛውን ማዕረግ የሚያገኘው ማንም ያልታጠቀው፣ ከወረቀቱ ያልወጣ ጩቤ ነው። የጀርመን ካታሎጎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ አንቀጽ አላቸው፤ ለእኔ ከሁሉም ምርጡ ድርሰት እሱ ነው። የናዚ ምልክት በአደባባይ ማሳየት እዚያ በወንጀል ሕጉ የተከለከለ ስለሆነ፣ ተጫራቹ ዕቃውን የሚወስደው ለሳይንስ፣ ለትምህርት ወይም ለመሰል ዓላማ ብቻ መሆኑን ያረጋግጣል። በአንድ ፊርማ አዳራሹ ሙሉ ምሁር! ሐምቡርግ ብራና ለማየት ሄጄ ሳለ፣ በአሮጌ ዕቃ ገበያ አንዱ ነጋዴ ስዋስቲካዋን በምታክል ቁራጭ ፕላስተር ሸፍኖ ሲሸጥ አይቻለሁ። ፕላስተሯ ከካታሎጉ የተሻለ ሐቀኛ ትመስለኛለች፤ ቢያንስ እዚህ የሚያሳፍር ነገር አለ ትላለች።

ወደ ልጁ ልመለስ። አንድ ነጋዴ ጩቤውን አይቶ «ስሙ ቢኖርበት ኖሮ» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ፤ ቀጥሎ ግን ወረቀቱን ብቻ ልግዛህ አለው። ወረቀቱ በ1945 አንድ የአሜሪካ መኮንን ወታደሩ የማረከውን ዕቃ ወደ አገሩ ይዞ እንዲገባ የፈረመለት ፈቃድ ነው። «አንድ ጩቤ» ከማለት በቀር ዝርዝር የለውም፤ ስለዚህ ከየትኛውም ቆንጆ ጩቤ ጋር ቢታሰር ይሄዳል፣ ነጋዴውም የፈለገው ይህንኑ ነው። እርግጥ ነው፣ በዚያው ልክ ወረቀቱ የእኛን ጩቤ ስለመሆኑም ማረጋገጫ አይሆንም። ልጁን ይህንንም አልደበቅኩትም።

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?» አለኝ። ሁለቱን አትለያያቸው፣ ብትሸጥም አብረው ይሂዱ፤ ከማን ቤት እንደመጡና ማን እንደሰጠህ ቀኑን ጽፈህ፣ ፈርመህ አብረህ አስቀምጥ አልኩት። ስለቱን በጣት አትንካው፣ ላብ ያዝገዋል፤ ቀጭን ዘይት በጨርቅ አስነካውና ከእርጥበት አርቀው። የተሞረደውን ቦታ በተለይ አትወልውለው።