ገላባት ላይ የተሳሳተው መምህር

ከገዳሪፍ ተነሥቶ ወደ አገራችን የሚመጣው መንገድ ጠረፉን የሚያገኘው ገላባት ላይ ነው። ከወዲህ መተማ አለች፤ የሚለያቸው በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. እዚያ የተደረገውን ውጊያ፣ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የነበረው ዊልያም ስሊም እ.ኤ.አ. በ1959 በታተመው «አንኦፊሻል ሂስትሪ» በተባለው መጽሐፉ «የፍርሃት ምክር» በሚል ምዕራፍ ተርኮታል። ምዕራፉ ስለ ጦርነት ቢሆንም እኛን መምህራንን ይመለከተናል። ስሊም ወታደር ከመሆኑ በፊት በበርሚንግሃም ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርና።

ስሊም ገላባት ሲደርስ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። በካምበርሊ የጦር መኮንኖች ኮሌጅም አስተምሯል። ዕቅዱ በጥንቃቄ የተሰላ ነበር፤ 10ኛው የህንድ ብርጌድ በ12 ታንኮች እየታገዘ ገላባትን በጧት ያዘ። ከዚያ በኋላ ግን ስሌቱ ፈረሰ። ከታንኮቹ አብዛኞቹ በድንጋይና በፈንጂ ተሰናክለው ቆሙ፤ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ቦምብ አዘነቡ፤ ከወታደሮቹም የሸሹ ነበሩ። ስሊም ወደ መተማ መግፋቱን ትቶ ማፈግፈግን መረጠ።

የምዕራፉ ጥንካሬ መደምደሚያው ላይ ነው። ለውድቀቱ ሰበብ መደርደር እንደሚችል፣ እውነተኛው ምክንያት ግን እሱ ራሱ እንደነበረ ደራሲው ያምናል። ከቀረቡለት ሁለት መንገዶች ድፍረት የሚጠይቀውን ትቶ ፍርሃቱን አማከረ።

ጉድለቱም እዚሁ ላይ ነው። ደራሲው በሌላ ምዕራፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በሶሪያ ደፍሮ እንዴት እንዳሸነፈ ይተርካል። ሁለቱን አከታትሎ ያነበበ ተማሪ «መሪነት ማለት ድፍረት ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ያላስተዋለ ድፍረት ሰው ያስፈጃል። በእኔ አስተያየት ስሊምን ያሳደገው፣ ጥፋቱን በታንኩና በሸሸው ወታደር ላይ አለመለጠፉ ነው። አለቆቹም በአንድ ሽንፈት አልጣሉትም። ከገላባት በኋላ ዓመት ሳይሞላው ክፍለ ጦር ተሰጠው፤ ኋላም በበርማ 14ኛውን ጦር ለድል አበቃ።

እስቲ ወደ ትምህርት ቤታችን እንመለስ። የሒሳብ መምህሩ በክፍል ውስጥ ስለተመሰገነ ርእሰ መምህር ይደረጋል። ሒሳብ እንደሚፈታ ሁሉ ሰውንም ብቻውን ሊፈታ ይሞክራል። የክፍለ ጊዜውን ድልድል ማንንም ሳያማክር ያወጣል፤ የተማሪዎች ውጤት ሲወርድ መምህራኑን ይወቅሳል። እኛም ሻይ ቤት ተቀምጠን «በጠመኔው ቢቀር ይሻለው ነበር» እያልን እናማዋለን። ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነውን? እኛ በማሠልጠኛ ተቋም ያለነው የትምህርት ዓይነቱን አስተማርነው እንጂ፣ ሰው መምራትን መቼ አለማመድነው?

አስቀድሞ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ቢለማመድ፣ ከነባር ርእሰ መምህር ጎን ተቀምጦ ቢያይ፣ በስብሰባ ላይ «ይህ የእኔ ስሕተት ነው» ማለት ባያሳፍር፣ አለቆቹም ስሕተቱን አርሞ የሚሠራበትን ጊዜ ቢሰጡት፣ ዕውቀቱ አይባክንም ነበር። ስሕተቱን የተናገረ ሁሉ ከወንበሩ የሚነሣ ከሆነ ግን ከእሱ በኋላ የሚመጣው መደበቅን ይማራል።

ስለዚህ ምዕራፉ ከነጉድለቱ ሊነበብ ይገባዋል። የታሪክ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ተርጉመው ቢያቀርቡትና «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ብለው ቢያከራክሩበት መልካም ነው። ርእሰ መምህራንም አብረው ቢቀመጡ አይጎዱም።