«ጠቃሚ ባክቴሪያ» እና «መከላከል»፦ ስለ ፕሮባዮቲክ አተረጓጎም

በጤና ጽሑፎቻችን «ፕሮባዮቲክ» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ «ጠቃሚ ባክቴሪያ» ተብሎ ይተረጎማል። አነጋገሩ ለጆሮ የቀለለ ነው፤ ዳሩ ግን የቃሉን ፍች ለመሸከም አይበቃም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት የጠሯቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በሰጡት ብያኔ መሠረት ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲሰጡ ለተቀባዩ ጤና ጥቅም የሚያስገኙ ሕያዋን ደቂቅ ዘአካላት ናቸው። «ጠቃሚ ባክቴሪያ» ከዚህ ውስጥ ሦስት ነገሮችን፣ ይኸውም ሕያውነትን፣ መሰጠትንና መጠንን ይጥላል፤ እርሾም ፕሮባዮቲክ ሊሆን መቻሉን ይዘነጋል።

ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ስለ ሴቶች የሽንትና የመራቢያ አካላት ኢንፌክሽን በሚጻፈው ላይ ነው። በብልት ውስጥ የሚኖሩት ላክቶባሲሎች ላክቲክ አሲድ እያመነጩ ብዙ ጎጂ ተሕዋስያን እንዳይራቡ ያደርጋሉ። እነዚህ ጠቃሚዎች ናቸው፤ ነገር ግን በተፈጥሮ የሰፈሩ እንጂ የተሰጡ ስላልሆኑ ፕሮባዮቲክ አይባሉም። እርጎም ሕያዋን ባክቴሪያ ስላሉበት ብቻ ፕሮባዮቲክ አይሆንም፤ ዝርያውና መጠኑ ታውቆ ጥቅሙ መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው ችግር «መከላከል» ላይ ነው። ቃሉ በአማርኛ ጠላትን መመከትንም፣ በሽታ እንዳይደርስ አስቀድሞ ማድረግንም ይገልጻል። ስለዚህ «ላክቶባሲሎች ኢንፌክሽንን ይከላከላሉ» ሲባል አንባቢው የነባሮቹን ምከታ የሚሰጠው ፕሮባዮቲክ ፍቱንነት አድርጎ ይወስደዋል። ማስረጃው ግን እንዲህ የተቆረጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ፣ በባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የታከሙ 228 ሴቶች በተካፈሉበት ጥናት፣ ላክቶባሲለስ ክሪስፓተስ ከተሰጣቸው መካከል እስከ 12ኛው ሳምንት ሕመሙ የተመለሰባቸው 30 በመቶ፣ ፕላሴቦ ከተሰጣቸው 45 በመቶ ነበሩ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን በተመለከተ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ፣ መረጃው ጥቂት በመሆኑ፣ ጉልህ ጥቅም አላገኘም፤ ጥቅም የለም ብሎም አልደመደመም። ለፊተኛው «የመመለስ ዕድሉን ቀንሷል» ማለት ይበቃል፤ ለኋለኛው «ይከላከላል» ማለት ከማስረጃው ማለፍ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። «ይከላከላል» የሚለውን አምና የታዘዘላትን መድኃኒት የምትተው ሴት ብትኖር፣ ከጥፋቱ ተርጓሚውም ድርሻ አለው። ስለሆነም «ፕሮባዮቲክ» በውሰት ተጽፎ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ብያኔው እንዲከተለው፣ በአካል ውስጥ ያሉት «ነባር ላክቶባሲሎች»፣ ተግባራቸውም «መመከት» እንዲባል፣ «መከላከል» ግን በጥናት ለተረጋገጠ ውጤት ብቻ እንዲጠበቅ እናሳስባለን።