ስለ አዲሱ የኦሮምኛ ዘፈን

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፤ ዘፈን የሚመዘነው በሚያስነሣው አቧራ ብቻ አይደለም፤ ጭፈራው ካለቀ በኋላ በሰው ልብ ውስጥ ተርፎ በሚቀረው ቃል ጭምር ነው እንጂ። እኔም ዛሬ በሮቤና በጎባ በየሻይ ቤቱ፣ በየሠርጉና በየአውቶቡሱ የምንሰማውን የኦሮምኛ ዘፈን በዚህ ሚዛን ልመዝነው እወዳለሁ።

ይህ ዘፈን እዚህ የደረሰው በቀላሉ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት በድሬዳዋ ወጣቶች ተሰባስበው አፍረን ቀሎ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን አቋቋሙ። ስሙም የምሥራቅ ሐረርጌን የኦሮሞ አራት ጎሣዎች የሚያመለክት ነው። በዚያን ጊዜ በኦሮምኛ በአደባባይ መዝፈን በመንግሥት ዘንድ በጥርጣሬ ይታይ ስለ ነበር ቡድኑ ብዙ ሳይቆይ ተበተነ። ነገር ግን ከመካከሉ ዓሊ ቢራ ወጣ። እርሱም ኋላ በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል አገለገለ፤ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዐረብኛም ዘፈነ። ያረፈውም ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።

የዓሊ ዘፈን የሚደነቀው ስለ ምንድን ነው? አይቸኩልም። ዑዱም ሆነ ጊታሩ ድምፁን ይከተላል እንጂ አይቀድመውም፤ ስለዚህ ስለ ፍቅር ሲያዜም እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ ይሰማል። የተጠረጠረን ቋንቋ የፍቅር መናገሪያ አድርጎ ማሰማት ከብዙ ክርክር የሚበልጥ ሥራ ነው።

ዛሬ በየሠርጉ የምሰማው አብዛኛው ግን ሌላ ነው። ኪቦርዱ ይጮኻል፤ ምቱም ከመሣሪያው የሚወጣ ስለ ሆነ ለሙሽራ ስንብትም ለእረኛ ናፍቆትም ፍጥነቱ አንድ ነው። ቃሉ ይሰምጣል። ይልቁንም የሚያሳዝነኝ የባሌ ልጆች የሌላውን አገር ስልት ሲቀዱ የራሳቸውን መዘንጋታቸው ነው። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙ ምእመናን ጫፉ መንታ የሆነ በትር ይዘው፣ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ የሚያዜሙት ባህሮ የባሌ ሀብት ነው። ጸሎቱን ወደ ጭፈራ አምጡት አልልም፤ ነገር ግን መሪው ሲናገር ተቀባዩ ጸጥ ብሎ የሚያደምጥበትን ሥርዓት ማጥናት ለማንኛውም ዘፋኝ ይጠቅመዋል።

«ወጣት መጨፈር ይወዳል» የሚል አይጠፋም። እኔም ጭፈራን አልነቅፍም። የምነቅፈው ቃል የሌለበትን ጩኸት ነው።

ለአድማጩም አንድ ነገር አለኝ። በሮቤ አማርኛ ተናጋሪ ወጣቶች በዚህ ዜማ ትከሻቸውን ሲነቀንቁ አያለሁ፤ ትርጉሙን ስጠይቃቸው ግን «ዜማው ይበቃናል» ይሉኛል። አይበቃም፣ ልጆቼ። በጎረቤት ዘፈን እየጨፈሩ የጎረቤትን ቃል አለመጠየቅ፣ በሰው ቤት በልቶ የባለቤቱን ስም ሳይጠይቁ እንደ መውጣት ነው። እንግዲህ አንድ ዘፈን ምረጡና ኦሮምኛ የሚያውቅ ጓደኛችሁን ወይም ሽማግሌ ቃሉን እንዲያስረዳችሁ ለምኑ። ዘፋኞች ሆይ፣ እናንተም ሰው ትርጉሙን ሊጠይቅበት የሚገባ ቃል ዝፈኑ።