ናዳን በእርሳስ፤ ስለ ጀማሪ ሠዓሊዎቻችን ጥቂት ሂስ

ጀማሪ ሠዓሊ ጓደኞቻችን በዚህ መንፈቀ ዓመት በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የለጠፏቸውን ሥዕሎች አንባቢ ሳያያቸው አልቀረም። ርእሳቸው «የተፈጥሮ አደጋ» ነው። ከግማሽ በሚበልጡት ላይ መብረቅ አለ፤ በቀሩት ላይ እሳተ ገሞራ ይተፋል። ሰዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ወደ ተመልካቹ ይሮጣሉ።

እንዴ! ይህን ያየ ማን ነው? በኅዳር 2018 ዓ.ም. አፋር ላይ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ እንኳ አብዛኞቻችን ያየነው በስልክ ነው፤ ያየነውም ቀይ ጎርፍ ሳይሆን ሰማዩን የሞላ ግራጫ አመድ ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ቀይ ከየት መጣ ቢሉ ከጀማሪ መመሪያዎች ነው። መመሪያው አግድም መስመር አስምር ይላል፤ ሦስት ማዕዘን ተራራ አቁም፣ ጫፉን ቁረጥ፣ ቀይ አፍስስ፣ ከሥሩ ሰው አስሩጥ። በዚህ መንገድ የአደጋው ጩኸት ይገኝ ይሆናል። አደጋው ራሱ ግን የት አለ?

ነቀፌታ ብቻ እንዳይሆንብን ሁለት የጥንት ሰዎች እንጥራ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ማዕበል እንዴት እንደሚሳል ለሠዓሊዎች ማስታወሻ ጽፎ ትቷል። በማስታወሻው ውስጥ ዋናው ነገር ነፋስ የሚሠራው ሥራ ነው። ቅርንጫፍ ጎብጦ ቅጠሉ ተገልብጧል፤ አንዱ ሰው ወድቆ በገዛ ልብሱ ተጠቅልሏል፤ ሌላው ነፋሱ እንዳይወስደው ዛፍ አቅፏል፤ ሌላው ከአቧራው ዓይኑን ሸፍኗል። ልብ በሉ፣ ሁሉም የሚያደርገው ነገር አለው፤ ዝም ብሎ የሚጮህ የለም። በዕድሜው ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1517 እና በ1518 ገደማ፣ የጥፋት ውኃን በጥቁር ጠመኔ ደጋግሞ ሲስል ደግሞ ውኃው እንደ ፀጉር እየተጠቀለለ ወረቀቱን ሞላው።

የጃፓኑን የሆኩሳይን ታላቅ ሞገድ ያላየ የለም። እ.ኤ.አ. በ1831 ግድም በእንጨት ማኅተም የታተመ ሥራ ነው፤ ወርዱ 37፣ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በሦስት ጀልባዎች ላይ ቀዛፊዎቹ አጎንብሰዋል። ከሞገዱ ሥር፣ በሩቁ፣ ፉጂ ተራራ ቁጭ ብሏል። የጃፓን ረጅሙ ተራራ ትንሽ ሆኖ ሲታይ ነው የውኃውን ቁመት የምንለካው። መብረቅ አላስፈለገውም።

ወደ ግድግዳችን እንመለስ። በሩ አጠገብ፣ ጥግ ላይ፣ ማንም ቆሞ የማያየው አንድ የእርሳስ ሥዕል አለ። ይህ ሂስ የተጻፈው በእሱ ምክንያት ነው ብንል ይቀላል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ በዝናብ የራሰ ቁልቁለት ተንዶ ሰው ቀበረ። ጎረቤቱ የተቀበሩትን ሊያወጣ፣ ገሚሱ በአካፋ ገሚሱ በባዶ እጁ ሲቆፍር ሌላ ናዳ መጣበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሠዓሊው የመረጠው ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ፣ ከሁለተኛው በፊት ያለችውን ጊዜ ነው። ከታች ጀርባቸውን የሰጡን ቆፋሪዎች አሉ። ከላይ ገና ያልተናደው ቁልቁለት ሣሩን ለብሶ ዝም ብሏል። በቃ፣ ሌላ የለም። ቀኑን የሚያውቅ ተመልካች ግን ያን ሣር ሲያይ «ኧረ ውጡ!» ማለት ይዳዳዋል። እኛስ ብለናል።

እንከን የለውም አላልንም። ቆፋሪዎቹ ሁሉ እኩል ቁመት ይዘው እንደ ክብሪት እንጨት ተደርድረዋል፤ የቅርቡ ገዝፎ፣ የሩቁ አንሶ፣ አንዱ ሌላውን ከልሎ ቢሆን ሕዝብ ይሆኑ ነበር። አንዱ እንኳ እጁን እስከ ክርኑ አፈር ውስጥ ቢከት ምን ነበረበት? አፈሩም አፈር አልሆነም። ናዳ ሲወርድ ከላይ ስብራት ይተዋል፣ ከታች እንደ ምላስ ተዘርግቶ ይሰፋል፤ እዚህ ግን ቁልቁለቱ ላይ ኬሻ የተነጠፈ ይመስላል።

አንድ ጓደኛችን «ሰው ያለቀበትን ነገር ሻይ እየጠጣችሁ ትስሉታላችሁ?» ሲል ተቆጣ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። እኛም የምንቆጣበት ሥዕል እዚያው ግድግዳ ላይ አለ፤ ከዜና ፎቶግራፍ የተቀዳች አልቃሽ እናት ከሚተፋው እሳተ ገሞራ ሥር ተለጥፋለች። እናቲቱ የራሷ አገር፣ የራሷ ሟች አላት። ፊቷን ነቅሎ ለማታውቀው ላቫ ማስለቀስ ምን ይሉታል? ባለ እርሳሱ ግን የማንንም ፊት አልወሰደም፣ ሬሳም አላሳየንም። ጀርባቸውን ብቻ ነው የሳለው። ለዚህ ነው ሥዕሉ ከጥግ ተነሥቶ መሀል ይሰቀል የምንለው።

ለሠዓሊውም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ክረምቱ ሲገባ ወንዝ ዳር በዝናብ የተቆረሰ አፈር አይጠፋም። ደብተሩን ይዞ ከሥሩ ሳይሆን ከማዶ ይቀመጥ፤ ስብራቱን፣ የተንጠለጠለውን ሥር፣ ጥላው የሚያርፍበትን ጠርዝ ደጋግሞ ይሳል። ቆፋሪዎቹን ከዚያ በኋላ ይመለስባቸው።