መሣሪያና ባለመሣሪያ፦ በብራዚል «የባህል ነጥቦች» ላይ የቀረበ ሂስ

ኪነ ጥበብ ያለ መሣሪያ አይሠራም። ሸማኔው መወርወሪያ፣ ሠዓሊው ብሩሽ፣ አዝማሪው ማሲንቆ ያሻዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን ከመጫወት አልፎ ጠባዩን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ጭራው ሲበጠስ ይተካል፣ ቆዳው ሲላላ ይወጥራል፣ ልጁም አጠገቡ ተቀምጦ መጫወቱንና መጠገኑን አንድ ላይ ይማራል። በኮምፒዩተር ዘመን ይህ ትስስር ላልቷል። ሥዕል የሚነደፍበት፣ ድምፅ የሚቀረጽበት፣ ፊልም የሚቀናበርበትና መጽሔት የሚሰናዳበት ሶፍትዌር በአብዛኛው የኩባንያዎች ንብረት በመሆኑ፣ ከያኒው ኪራይ እየከፈለ የሚገለገልበት፣ ውስጡን ከፍቶ እንዳያይ ግን የተከለከለ ባዕድ ዕቃ ሆኖበታል። መክፈል ያልቻለውም ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ቅጂ ይዞ፣ በሕግ ፊት እየተሸማቀቀ፣ የዚያው ኩባንያ ጥገኛ ሆኖ ይኖራል።

የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ የተነሣው ለዚህ የባለቤትነት ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 የጀመረው ይህ እንቅስቃሴ (ከዚህ በታችም ዓመታቱ የተሰጡት በዚሁ አቆጣጠር ነው) ነፃነትን በአራት መብቶች ይተረጉመዋል፤ ይኸውም መሣሪያውን ለፈለጉት ዓላማ የማዋል፣ አሠራሩን የማጥናት፣ ለሌላው የማካፈልና አሻሽሎ የማሰራጨት መብት ነው። ጊምፕ የተባለው የሥዕል ማዘጋጃ በ1990ዎቹ አጋማሽ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በሁለት ተማሪዎች ተጀመረ። ብሌንደር የተባለው የአኒሜሽን መሣሪያም በ2002 ለሕዝብ የተለቀቀው በሰባት ሳምንት ውስጥ በመዋጮ በተሰበሰበ 100,000 ዩሮ ነው። እነዚህ ድሎች በቀላሉ የሚታዩ አይደሉም። ሆኖም በፈቃድ ወረቀት ላይ የሰፈረ መብት በሰው እጅ እስካልገባ ድረስ ከወረቀትነት አያልፍም። አሠራሩን የማጥናት መብት፣ ማጥናት የሚያስችል ዕውቀት ላላገኘው ሰው ምን ይፈይድለታል?

ይህን ጥያቄ በሰፊው ሕዝብ መካከል በተግባር ከፈተኑት ጥረቶች አንዱ፣ የብራዚል የባህል ሚኒስቴር በ2004 የጀመረው «ሕያው ባህል» የተሰኘው መርሐ ግብርና በሥሩ የተቋቋሙት «የባህል ነጥቦች» ናቸው። ሚኒስትሩ ከ2003 እስከ 2008 በሥልጣን ላይ የቆየው ዝነኛው ሙዚቀኛ ዢልቤርቶ ዢል ነበር። ዢል በ1960ዎቹ መጨረሻ የአገሩ የጦር አገዛዝ ካሰራቸውና ካሰደዳቸው ከያንያን አንዱ ነው። የመርሐ ግብሩ ዋና አቃጅ ደግሞ የታሪክ ምሁሩ ሴሊዮ ቱሪኖ ነበር። ሁለቱም የተስማሙበት መነሻ ሐሳብ እስካሁን ድረስ ሊጠና የሚገባው ነው፤ መንግሥት ባህልን አይፈጥርም፣ ባህሉ ቀድሞውኑ በሕዝቡ ዘንድ አለ። ዢል ይህን ለማስረዳት በጣት ተጭኖ ደም ሥርን ከሚያነቃቃው የእስያ የሕክምና ዘዴ ምሳሌ ወስዶ፣ የመንግሥት ድርሻ በአገሪቱ ገላ ላይ ያሉትን ሕያው ነጥቦች ተጭኖ ማነቃቃት ነው ሲል ገልጿል።

በዚህም መሠረት አዳዲስ የባህል አዳራሾችን መገንባት ቀርቶ፣ ቀድሞውኑ በሥራ ላይ የነበሩ የድሆች ሰፈር የቲያትር ቡድኖች፣ የሳምባና የካፖዬራ ማኅበራት፣ ከባርነት ያመለጡ አፍሪካውያን ዘሮች የሚኖሩባቸው መንደሮች፣ የቀደምት ነዋሪዎች ማኅበረሰቦች በውድድር እየተመረጡ ድጋፍ አገኙ። በመጀመሪያው አሠራር አንድ ነጥብ 185,000 የብራዚል ሬያል ይመደብለት ነበር። ከዚሁ ውስጥ ቢያንስ 20,000 የሚሆነው በነፃ ሶፍትዌር ለሚሠራ የመልቲሚዲያ ዕቃ፣ ማለትም ለኮምፒዩተር፣ ለካሜራና ለድምፅ መቅረጫ እንዲውል ተወሰነ። በ2010 የነጥቦቹ ቁጥር ከ2,000 በላይ ደርሶ ነበር።

ይሁን እንጂ ዕቃ ማደል ማስተማር አይደለም። የመርሐ ግብሩ እውነተኛ ፋይዳ የሚመዘነው በሥልጠናው ነው። እዚህ ላይ ብራዚል ከራሷ ታሪክ የወረሰችው ትልቅ ሀብት ነበራት። ፓውሎ ፍሬይሬ በ1963 አንዢኮስ በምትባል የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ውስጥ ማንበብና መጻፍ ለማስተማር ሲነሣ፣ ትምህርቱን የጀመረው ከተማሪዎቹ ኑሮ በተቀዱ ቃላት ነበር። ግንበኛ «ጡብ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን የራሱን ድካም፣ የራሱን ደመወዝና የሚሠራውን ቤት ባለቤት ጭምር እንዲያነብ ይደረግ ነበር። በ1964 ሥልጣን የያዘው የጦር አገዛዝ ፍሬይሬን አስሮ ማሰደዱ የዘዴውን ኃይል የሚመሰክር ነው።

በባህል ነጥቦች የተካሄዱት የተሻሉት ሥልጠናዎች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በፖርቱጋልኛ «ኦፊሲና» የሚለው ቃል መኪና የሚጠገንበትን ጋራዥም፣ የእጅ ሥራ ቤትንም፣ የተግባር ሥልጠናንም ያመለክታል፤ ሥልጠናውም እንደ ስሙ ነበር። በ2002 በሳን ፓውሎ የተጀመረው ሜታሬሲክላዤም የተባለው እንቅስቃሴ የተጣሉ ኮምፒዩተሮችን እየፈታታ፣ እያዳቀለ፣ እየቀባና ነፃ ሶፍትዌር እየጫነ ለኅብረተሰቡ ሲያበረክት፣ ሰልጣኙን ያስተማረው ከሁሉ በፊት ፍርሃትን ማስወገድ ነው። የኮምፒዩተርን ክዳን ከፍቶ የማስታወሻ ክፍሉን በገዛ እጁ የተካ ወጣት፣ ማሽኑን የሊቃውንት ምሥጢር አድርጎ መመልከቱን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ኦዳሲቲን ወይም አርዶርን ከፍቶ የሰፈሩን ከበሮ ሲቀርጽ፣ ኢንክስኬፕን ከፍቶ የበዓሉን ፖስተር ሲነድፍ፣ መሣሪያውን የሚቀርበው እንደ ባለቤት ነው።

ከቅርፅና ከይዘት ዝምድና አኳያ ደግሞ አንድ ቀደም ያለ ምሳሌ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1986 በቪንሰንት ካሬሊ የተጀመረው «ቪዲዮ በመንደሮች» የተሰኘው ሥራ ካሜራን ወደ ናምቢክዋራ ሕዝብ ሲያስገባ፣ የመንደሩ ሰዎች የተቀረጸውን የልጃገረድ በዓል ራሳቸው ተመለከቱት። በአለባበሳቸው ስላልረኩም በዓሉን በወጉ አጊጠው እንደገና አከበሩት። አልፈውም የወጣት ወንዶችን ከንፈርና አፍንጫ የመብሳት ትተውት የነበረ ሥርዓት መልሰው ፈጸሙ። በዚህ ሥራ ውስጥ ካሜራው አስተማሪ አልነበረም፤ ሐያሲው ሕዝቡ ነው። ማንኛውም የንድፍ ሥልጠና ሊደርስበት የሚገባው ግብ ይህ ነው፤ ሰልጣኙ የራሱን ምስል አይቶ ሊፈርድበትና ሊያስተካክለው መቻል አለበት።

መልካሙ ይህን ያህል ከተነገረ ድክመቱም ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። አንደኛው ድክመት ዓላማንና የመሣሪያን ብቃት ከማምታታት የመጣ ነው። የድምፅ መሣሪያዎቹ በጊዜው ጥሩ ደረጃ ላይ የደረሱ ሲሆኑ፣ ሲኔሌራን የመሰሉ የፊልም ማቀናበሪያዎች ግን አስቸጋሪና በሥራ መካከል የሚቋረጡ ነበሩ። የሰዓታት ድካሙ በመሣሪያው መቋረጥ የጠፋበትን ወጣት ነፃነት ዋጋ ያስከፍላል ብሎ መስበክ አያሳምነውም። የትግል ስሜት የቴክኒክን ጉድለት አይተካም። ትክክለኛው አካሄድ የመሣሪያውን አቅምና ድክመት በግልጽ ነግሮ፣ ብስለት ካለው ጀምሮ፣ ደረጃ በደረጃ ማስተማር ነበር።

ሁለተኛው ድክመት ከቢሮክራሲ የተወለደ ነው። ለትላልቅ ድርጅቶች የወጣ የሒሳብ አያያዝ ሕግ በአንድ የከበሮ ማኅበር ላይ ሲጫን፣ የማኅበሩ መሪ ጊዜውን የሚያጠፋው ደረሰኝ በመሰብሰብ ሆነ። ክፍያውም ብዙ ጊዜ ይዘገይ ነበር። ክፍያ ሲዘገይ በመጀመሪያ የሚጎዳው አሠልጣኙ ነው፤ አሠልጣኙ ሲሄድ ደግሞ የተበላሸውን ኮምፒዩተር የሚጠግነው ሰው ይጠፋል። ይህን ችግር ለማቃለል በ2014 የወጣው የሕያው ባህል ሕግ ሪፖርት አቀራረቡን አቅልሎ፣ ሕጋዊ ሰውነት የሌላቸው ቡድኖችም እንዲታወቁ አድርጓል። እርምጃው ትክክለኛ ነው፤ የመጣው ግን ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

ሦስተኛውና ጥልቁ ድክመት በትምህርቱ ይዘት ላይ ይታያል። በማንኛውም አገር እንዲህ ያለ ሥልጠና በቀላሉ የአዝራር ትምህርት ሊሆን ይችላል፤ «ይህን ብትጫን ያ ይሆናል» ብሎ ያበቃል። እንዲህ የተማረ ሰው የመሣሪያው አዲስ እትም በወጣ ጊዜ ተመልሶ ማይም ይሆናል። የቀለም ዝምድና፣ የገጽ አደረጃጀት፣ የፊደል ክብደት፣ የባዶ ቦታ ጥቅም ካልተማረ፣ ነፃ መሣሪያ ይዞ የማስታወቂያ ድርጅቶችን መልክ የሚገለብጥ ሠራተኛ ከመሆን አያልፍም። መሣሪያው ነፃ ወጥቶ ዓይኑ ግን ጥገኛ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

የመርሐ ግብሩ እውነተኛ ፈተና የመጣው በ2019 ነው። በዚያ ዓመት ጥር ወር የብራዚል የባህል ሚኒስቴር ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት መሆኑ ቀርቶ ፈረሰ፤ እንደገና የተቋቋመው በጥር 2023 ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት አንድ ነጥብ ቢዘጋ ወይም ቢቀጥል ልዩነቱን የሚያመጣው የተሰጠው ዕቃ ሊሆን አይችልም። በ2005 የተገዛ ኮምፒዩተር በ2019 አገልግሎቱን ጨርሷል። የሚቆየው የመጀመሪያው ሰልጣኝ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውን አስተምሮ እንደሆነ ብቻ ነው። በመሆኑም የነፃ መሣሪያ ነፃነት የሚለካው አሠልጣኙና ገንዘቡ ከሄዱ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ መምህራንና ከያንያን የሩቅ ወሬ አይደለም። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማረው አንድ ቁም ነገር፣ ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ካላገኘ ፊደሉን እንደሚረሳ ነው፤ የንድፍ መሣሪያም እንዲሁ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ከገባ ወዲህ፣ አቢሲኒካን የመሰሉ በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ የፊደል ቅርፆች ተገኝተዋል። ፈቃዱ ማንኛውም ሰው ፊደሉን ከፍቶ እንዲያጠናውና እንዲያሻሽለው ይፈቅዳል። ከ300 በላይ ቅርፆች ያሉትን ፊደል በፎንትፎርጅ ከፍቶ የ«ሀ»ን ወገብ ከ«ሐ» እግር ጋር ማመዛዘን የሚችል የሥዕል ተማሪ እስካልበዛ ድረስ ግን፣ ያ ፈቃድ ያልተነበበ መጽሐፍ ሆኖ ይቆያል። የቁም ጸሐፊዎች በብራና ላይ ለዘመናት ያካበቱት የቅርፅ ዕውቀት ከዚህ ሥልጠና ጋር መገናኘት ይገባዋል።

ከብራዚል ልምድ የሚወሰደው ትምህርት እንግዲህ ግልጽ ነው። ሥልጠና ሲታቀድ በመጀመሪያ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ይጠና፤ ለአሠልጣኙ ደመወዝና ለዕቃው ጥገና የሚሆነው ወጪ ከዕቃው መግዣ እኩል በበጀት ይያዝ፤ ዓይንን የሚያሠለጥን የንድፍ ትምህርት ከመሣሪያው ትምህርት አይነጠል። የምስክር ወረቀትም የሚሰጠው አንድ ሰው ተምሮ በመጨረሱ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው ማስተማር በመቻሉ ይሁን። የባህል ካድሬው ሪፖርት ሲያቀርብም ስንት ኮምፒዩተር እንደታደለ ከመቁጠር አልፎ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ሰፈር ስንት ሰው እያስተማረ እንደሚገኝ ይቁጠር።